ፊልሙ ስንት ሲኒ ቡና ያስጠጣል?

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም እናንተ እህቶቼ፣ ሰሞኑን ምን ፊልም አያችሁ? ያያችሁትስ እንዴት ነበር? «ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ በሚወራበት አምድ ላይ የፊልም ወሬ ምን አመጣው?» ብላችሁ ቅር እንዳትሰኙ። የፊልም ወሬ የሥራ ፈት ወሬ ነው ሲባል እኔም ሰምቼ አድጌያለሁ። አባባሉ ልክ እንዳልሆነ ግን ከገዛ ቤቴ ባየሁት ነገር ላጫውታችሁ ፈልጌያለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ መጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ መጨረሻው ግን ጨዋታ አይደለም።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ደጃፍ ይዛ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ታዲያ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ከሰል አያይዘን እኔ ቤት እንሰበሰባለን። እኔ ብዙ ዘመን አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ዛሬም «ቲቸር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ቴሌቪዥኑ ልጄ የገዛልኝ ነው። ፊልሙን በፍላሽ አስጭኖ የሚያመጣልን የወንድሜ ልጅ ነው። መብራት ካልጠፋ አንድ ፊልም እናያለን፤ ከጠፋም ያየነውን እንተርካለን።

በሌላው ዓለም ፊልም የሚመዘነው በኮከብ ነው ይላሉ። የእኛ ሚዛን ግን ሲኒ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ይፈላል። አቦሉን ጠጥተን ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ከጀመርን፣ ፊልሙ ያገኘው አንድ ሲኒ ነው። ወሬያችን ቶናው እስኪቀርብ ድረስ ከፊልሙ ካልወጣ፣ ሁለት ሲኒ አገኘ ማለት ነው። በረካው ተቀድቶ፣ በእጃችን ላይ ቀዝቅዞ፣ እኛ ገና ስንከራከር ከተገኘን ሦስት ሲኒ ይሰጠዋል። ከሦስት በላይ ማዕረግ የለም። ቡናው ሳይፈላ እየተነሣን የሄድንበት ፊልም ደግሞ «ቆሎ ብቻ» ይባላል። እንግዲህ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ካየናቸው ጥቂቶቹን በዚህ ሚዛን ላስቀምጥላችሁ።

በመጀመሪያ ስሙን የማልጠራው አንድ የፍቅር ፊልም አለ። መቸም ታውቁታላችሁ፤ አንድ የሀብታም ልጅ፣ አንዲት የድኻ ልጅ፣ አንድ ትልቅ ቪላ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሠርግ። «እነዚህ ሰዎች ግን ሥራ የሚገቡት መቼ ነው?» ብላ አንዷ ጎረቤቴ አሳቀችን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በቪላው ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ቡና ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ከ«እሺ» በቀር ግን ቃል አልሰጧትም። ከመካከላችን አንዷ በልጅነቷ ጎንደር ሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች ናት። «የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የምታውቀው እኮ እሷ ናት፤ እሷን ቢጠይቋት ፊልሙ በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር» አለች። ተሳሳቅን፤ ከዚያ ወሬው ወደ በርበሬ ዞረ። አንድ ሲኒ።

ሁለተኛው ስለ ተራሮቻችን የውጭ አገር ሰዎች ያነሡት ፊልም ነው። ጭላዳ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያ በገደል አፋፍ ላይ ሲረግጥ በጣም ያምራል። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይገኝም፤ እንዲህ ያለ ሀብት ደጃችን ላይ መኖሩን ስናይ ደስ አለን። ከእኛ ጋር የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከመጡት ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች መካከል የእሷም ቤተሰብ ነበር። የግጭን ሜዳ በመስኮቱ ላይ ስታይ ጣቷን ዘርግታ «ያ እኮ የእኛ ደጅ ነው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር፤ ከ1996 ጀምሮ ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። አንዱ ምክንያት ግጦሹና እርሻው መቀነሱ ነው። ሴትዮዋም ይህን ታውቃለች። «ሣሩ አገግሟል፤ እሰየው» አለች። ቀጥላ ግን «ለጭላዳው ስለ ሚስቱም ስለ ልጁም አወሩለት፤ እዚያ ውኃ ስቀዳ የኖርኩትን እኔን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡኝም» አለች። ሁለት ሲኒ ሰጠን። ሦስተኛውን የከለከልነው ሰው ስላላየንበት ነው።

ሦስተኛው «ጤዛ» ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለ በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። መንደሩ ሲደርስ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ይህን ስናይ ከመካከላችን አንዲት እናት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወንድሟን ከገደል ሥር ደብቀው ሌሊት ሌሊት በሶ ያደርሱለት ነበር። ለልጆቿ ነግራቸው አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከፊልሙ በኋላ ነገረቻቸው።

በዚሁ ፊልም ውስጥ መንደሩ ያገለላት አዛኑ የምትባል ሴት አለች። ያስጠጋቻት የአንበርብር እናት ናት። ስለ አገር፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ምሁራን በሚያወራው በዚያ ትልቅ ፊልም ውስጥ ጎረቤቶቼ ይዘው የወጡት ያቺን አሮጊት ነው፤ «ሰው ሁሉ ያወገዛትን ማስገባት ቀላል ነው እንዴ?» እየተባባሉ እስከ በረካ ተከራከሩ። አንዲቱ ብቻ «አሁን ያለው ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት እየተመላለሰ አዞረኝ» ብላ ግማሽ ሲኒ ቀነሰችበት። በቀረው ድምፅ ሦስት ሲኒ አገኘ።

አራተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ በግ ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ ጩኒ የምትባል በጉን ይዞ ዘመድ ቤት ይጣላል። አጎቱ በጓን ለበዓል ማረድ ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ እንደ ወንድ ልጅ ከማረስ ይልቅ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ይችልበታልም። ሳምቡሳ እየሠራ እየሸጠ በጉን ሊያድን ይደክማል። አጎቱ ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱን አይወድለትም።

በዚህ ፊልም ጊዜ የጎረቤቴ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከእኛ ጋር ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ ሲኒዎቹን ያጥብ ጀመር። አያቱ «ተው፣ አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ስትለው እናቱ «እምዬ፣ ተይው፤ ነገ ሚስቱ ትመርቅሻለች» አለቻት። በዚህ ላይ የተነሣው ክርክር በረካውን አልፎ ራት ደረሰ። ሦስት ሲኒ፤ ያውም በልጁ እጅ የታጠበ ሲኒ።

በመካከሉ «እረኛዬ»ን ሳልጠቅስ ባልፍ ጎረቤቶቼ ይቆጡኛል። ፊልም ሳይሆን በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ድራማ ነው። የጻፉት አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የተባሉ ሦስት ሴቶች ናቸው። የገጠሩን አማርኛ ሲያወሩት ምላሳቸው አይደናቀፍም፤ የአገር ቤትም ሴት ሙሉ ሐሳብ ሙሉ ንግግር አላት። ጥፋቱ በየሳምንቱ ልባችንን ሰቅሎ መሄዱ ነው። ሁለት ሲኒ ተኩል አልን፤ ግማሿ ሲኒ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀምጣ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እስከዚህ ያለው ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ።

እኛ ሴቶቹ ፊልም ማየት የጀመርነው ከወንዶቹ በጣም ዘግይተን ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት በበዛበት ጊዜ፣ በደባርቅም ሆነ በዳባት ጨለማ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ተደርድሮ ጎረምሳው ሁሉ ይታጨቅ ነበር። እኛ በውጭ ስናልፍ የጥይቱን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። ሴት ልጅ ገብታ ብትገኝ ስሟ በማግስቱ ገበያ ላይ ይነሣል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ታሪክ በፊልም ሲነገር፣ አይቶ የሚፈርደው ወንድ ብቻ ነበር። የሴቶች ሚዛን እኔ ቤት መቋቋሙን እንደ ቀላል ነገር የማላየው ለዚህ ነው።

እኔና ታላቅ እህቴ ግን በልጅነታችን አንድ ጊዜ ሲኒማ ቤት ገብተናል። ትውልዳችን ዳባት ነው፤ ከጎንደር ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1973 ዓ.ም. ጎንደር የምትኖር አክስታችን ለበዓል ወሰደችንና፣ በጣሊያን ጊዜ በተሠራው የፒያሳ ሲኒማ ቤት «ማዘር ኢንዲያ»ን አሳየችን። እኔ አሥራ ሁለት፣ እህቴ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። የህንዱን ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ መሕቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ነው። ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ቀንበር ተሸክማ እያረሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። ከልጆቿ አንዱ ወንበዴ ይሆንና በመጨረሻ የአራጣ አበዳሪውን ልጅ ከሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሲጋልብ፣ ራዳ ጠመንጃ አንሥታ የገዛ ልጇን ትተኩሰዋለች። ቋንቋውን አናውቅም፤ ግን እኔና እህቴ ተቃቅፈን አለቀስን። ወደ ዳባት ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ስለ እሷ ብቻ አወራን።

በዓመቱ እህቴ ተጠለፈች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነው። እንስራዋ መንገድ ላይ ተሰብሮ ተገኘ። ለብዙ ቀናት የት እንዳለች አላወቅንም። ከዚያ ሽማግሌ ገባ፤ ካሳ ተቆረጠ፤ ታረቁ፤ የሆነው ነገር ሁሉ ሠርግ ተባለ። እህቴ ከዚያ ሰው ስድስት ልጆች ወለደች፤ አሳደገች፤ ባሏንም አስታምማ ቀበረች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ቀን ለእኔ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ የገዛ እህቴን መጠየቅ አቃተኝ።

አምና ኅዳር ላይ እህቴ ከዳባት ልትጠይቀኝ መጥታ እሑዷን ከእኛ ጋር ዋለች። የወንድሜ ልጅ ያን ቀን ያመጣው «ድፍረት»ን ነበር። ምን እንደሆነ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምናልባት አስቆመው ነበር፤ ስሙን ሰምቼ የጀግንነት ፊልም መሰለኝ። መቸም በቋንቋችን ድፍረት ማለት ጀግንነትም ነው፣ ሴትን መድፈርም ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ስም የመረጠው ሁለቱንም አስቦ ይሆናል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የተባለች የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ለፍርድ ቀረበች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ ነፃ አወጣት። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ ሂሩት ተብላለች፤ ትዕግሥት ሳይሆን ትዝታ ሀገሬ ናት የምትጫወታት፤ ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን ሜሮን ጌትነት ተጫውታታለች። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

ፈረሰኞቹ ልጅቱን ሲከቧት ጎረቤቶቼ ሁሉ ጮኹ። እህቴ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ እስከ መጨረሻው ዐይኗን ሳትነቅል አየች። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። «ተቀመጪ» አለችኝ። «ዛሬ ቡና አያስፈልግም።» ተቀመጥኩ። ከዚያም፣ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን እያየች፣ እንዲህ አለች፦

«ለዚያች ልጅ ጠበቃ ቆመላት። እኔን ግን 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት አባታችንን ነው።»

ጥቂት ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «ጎንደር ያየናት ያቺ ህንዳዊት ትዝ ትልሻለች? ልጇን የተኮሰችው? እኔን ይዘውኝ ሲገቡ የሰውዬው እናት ደጅ ቆማ እልል አለች። እልልታዋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እናት ልጇን ትተኩስ አልልም። እልል ባትል ግን ይበቃኝ ነበር።»

እህቶቼ፣ ያን ቀን ቡና አልፈላም። በሚዛናችን ደንብ ቢሆን ፊልሙ «ቆሎ ብቻ» መባል ነበረበት። ነገር ግን ማንም ከቦታው አልተነሣም። አንዷ ስለ አክስቷ፣ ሌላዋ ስለ ራሷ፣ ሌላዋ ደግሞ በወጣትነቱ ሰው አግዞ ስለጠለፈው ወንድሟ፣ ጨለማ እስኪሆን አወሩ። ሚዛናችን እንዳልበቃ ያን ጊዜ ገባኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ይህን ባልጻፍኩም ነበር። እህቴ ወደ ደባርቅ የመጣችው እኔን ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። የልጇ ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ታጭታ ኖሯል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እህቴ የመጣችው ለድግሱ የሚሆን ነገር ልትገዛ ነበር። ይኸውም ማለት፣ እልል ለማለት የምትዘጋጀው አሁን እሷ ራሷ ነበረች። በማግስቱ ሳትገዛ ተመለሰች።

ልጇ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን የሚድረው በችግርም፣ በይሉኝታም፣ «ሳትበላሽ» በሚል ፍርሃትም ነው። እናቱ «ይቅር» ስትለው፣ «እምዬ፣ አንቺም በዚሁ ዕድሜ አይደል የገባሽው? ምን ሆንሽ?» አላት። ያን ጊዜ ነው ምን እንደሆነች የነገረችው። አርባ ዓመት ያልተናገረችውን ለበኩር ልጇ ነገረችው። መልስ ሳይሰጣት ወጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ለሽማግሌዎቹ «ልጅቱ ትማር» ብሎ መልሷቸዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ እህቴን የያዛት ሰው የተማመነው በዚሁ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶታል፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ፅኑ እሥራት ያስቀጣል፤ በኋላ ተጋብተናል ማለትም ከተጠያቂነት አያድንም። ለጋብቻ ያልደረሰች ልጅን ማግባትም በዚሁ ሕግ ወንጀል ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገውታል። ሕጉ አለ። እኔም በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የእህቴን ልጅ የመለሰው ግን ንባቤ ሳይሆን የእናቱ ቃል ነው፤ የእናቱን አፍ የከፈተው ደግሞ አንድ የእሑድ ፊልም ነው።

ልጅቱ ፈተናዋን አልፋ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ይሁን እንጂ ታሪኩ አልቋል ብዬ አላታልላችሁም። ሽማግሌዎቹ ዘንድሮም አንድ ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል፤ ጥርም በየዓመቱ ይመጣል። አባቷ እስከ መቼ እንደሚጸና እናያለን። አያቷ ግን «እኔ ቆሜ ሳለሁ በዚያ ቤት እልልታ አይሰማም» ብላለች፤ እኔ እህቴን አምናታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ አበራሽ በቀለ ራሷ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ቀረበ ብላ ስለተከራከረች ነው። በኋላ ተስማምተው ፊልሙ ታይቷል። ይህን ሳውቅ ለፊልሙ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም፤ ግን ትምህርት ወሰድኩበት። ስለ አንዲት ሴት ዝም መባል የሚናገር ሥራም ቢሆን ባለታሪኳን መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት ዳባት ድረስ ሄጄ እህቴን ጠየቅኋት። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው። የእልልታውን ነገር ግን እንዳትተዪው» አለችኝ። አልተውኩትም። ልጅቱንም ጠየቅኋት፤ «ዘጠነኛ ክፍል መግባቴን ጻፊልኝ» አለች። ጽፌላታለሁ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ምክሬ አጭር ነው። ፊልም ስታዩ ብቻችሁን አትዩ። ሲያልቅም ቶሎ አትበተኑ፤ ሰው ስለ ራሱ መናገር የሚያፍረውን ስለ ፊልሟ ልጅ እያለ ይናገረዋልና። ወንዶች ልጆቻችሁንና ባሎቻችሁንም አስቀምጧቸው። እኛ ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ደጅ እንደቆምን እነሱን ከቡናው ደጅ አናቁማቸው፤ ያን ጨለማ ክፍል የለመደ ሁሉ ይህን ወሬ ይስማ። ሲኒዎቹን ማጠብም ለእነሱ ይሁን፤ የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድም አልሰበረም።

የእኛ የሰፈር ዳኞች «ድፍረት»ን ስንት ሲኒ እንስጠው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እህቴ በፋሲካ ስትመጣ ደግመን እናየዋለን ብለናል። በዚያን ቀን ቡናውን የማፈላው እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት። «እኔ አፈላዋለሁ፤ እስከ በረካም እንጠጣዋለን» ብላለች።